«ኔሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነቀፋ ነው ወይስ ፍቅር?

ተንከባካቢዋ፣ ከኖቲንግሃም አቅራቢያ

ጤና ይስጥልኝ። በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት በነበረች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የመንከባከብ ሥራ እሠራለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እንግሊዝኛዬም ለሥራዬ የሚበቃኝ ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከምንከባከባቸው ሰዎች መካከል አንዷ፣ የ86 ዓመት እናት፣ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ቃል ትርጉሙ ሊጨበጥልኝ ስላልቻለ፣ የምታውቁ ታስረዱኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ቃሉ ሲነገር «ኔሽ» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በጥር ወር፣ መንገዱ ሁሉ በውርጭ በነጣበት ጠዋት ነበር። እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ወፍራም ካፖርት ለብሼ፣ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ጠቅልዬ ስገባ፣ እሳቸው በአንዲት ስስ ሹራብ ሆነው፣ የማድ ቤቱን መስኮት ከፍተው ለወፎች የዳቦ ፍርፋሪ ይበትኑ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፈገግ ብለው «ዩ አር ኔሽ፣ ዩ አር፣ ሚ ዳክ» አሉኝ። «ሚ ዳክ» በዚህ አካባቢ ልክ እንደ እኛ «የኔ ልጅ» የሚባልበት የፍቅር መጠሪያ መሆኑን አውቃለሁ። «ኔሽ» ግን ለጆሮዬ የራሳችን «ነሽ» ሆኖ ተሰማኝ። ለአፍታ በአማርኛ ያናገሩኝ መስሎኝ፣ ምን ነሽ ሊሉኝ እንደሆነ ቀሪውን ለመስማት ቆሜ ጠበቅሁ። ቀሪ አልነበረውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ስሸፍንላቸው ይህንኑ ቃል ስለ ራሳቸው ተናገሩት፤ በዚያን ጊዜ ግን ፈገግታ አልነበረበትም፣ ከትካዜ ጋር ነው የወጣው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጃቸው እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ሳለ፣ ከኳስ ልምምድ ቀርቶ ማሞቂያው ሥር የተቀመጠውን የ16 ዓመት ልጇን በዚህ ቃል ጠራችው፤ ልጁም ፊቱ ቀልቶ፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። እንግዲህ አንዱ ቃል እኔን በፈገግታ፣ እናቲቱን በትካዜ፣ ልጁን በቁጣ ሲነካ አየሁ ማለት ነው።

አብራኝ የምትሠራ የለንደን ተወላጅ ጠይቄ፣ ሰምታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስለዚህ ትርጉሙ ምንድን ነው? እኔስ ለሳቸው ብመልሰው ነውር ይሆናል? ከሁሉም በላይ፣ በየቀኑ በምሞላው የእንክብካቤ መዝገብ ላይ «ኔሽ ሆኛለሁ» ማለታቸውን መጻፍ ይገባኛል ወይ? በአማርኛስ ምን ብዬ ልያዘው?

ነዋሪው፣ ከስቶክ ኦን ትሬንት

እኅቴ፣ ይህን ቃል ከ22 ዓመት በፊት በሸክላ ፋብሪካ ተቀጥሬ ስሠራ ነው የተማርኩት፤ ሲጻፍም በአራት ፊደል፣ በኤን፣ በኢ፣ በኤስና በኤች ነው። ኔሽ የሚባለው ብርድ የማይችል፣ ሌላው ሰው ከቁብ ሳይቆጥረው የሚያልፈው ቅዝቃዜ እሱን የሚያንዘፈዝፈው ሰው ነው። የለንደኗ ባልደረባሽ አለማወቋ አያስገርምም፤ ቃሉ የሚኖረው በስታፎርድሺር፣ በደርቢሺር፣ በኖቲንግሃምሺር፣ በላንክሺር፣ በቼሺር፣ በደቡብ ዮርክሺርና በሰሜን ዌልስ አካባቢ ነው፤ ወደ ደቡብ ከወረድሽ ብዙ ሰው ግር ይለዋል።

ነገሩን በደንብ ለመያዝ የሚረዳሽ አንድ ልዩነት አለ። «በረደኝ» እና «ብርድ አልችልም» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የአሁን ስሜት ነው፣ ሁለተኛው የሰውዬው ጠባይ ነው። ኔሽ ሁለተኛው ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቀን ደጅ ቆሞ የሚንቀጠቀጥን ሰው ማንም ኔሽ አይለውም፤ ማን የማይንቀጠቀጥ አለና ነው! ቃሉ የሚመጣው ሌሎቹ በቲሸርት ቆመው ሳለ አንዱ ጓንት ሲያደርግ ነው። ስለዚህ በውስጡ ሁልጊዜ ማነጻጸር አለበት፤ «ከእኛ ይልቅ አንተ» የሚል ሐሳብ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። በዚሁ ምክንያት፣ ቢያንስ እኔ ባለሁበት አካባቢ፣ የአየሩን ጠባይ ወይም ክፍሉን ኔሽ አይሉትም፤ ሰውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔው «ዛሬ አየሩ ኔሽ ነው» ብዬ፣ አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ አየሩ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ በትዕግሥት አስረድቶኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሰው ራሱን ኔሽ ቢል ምንም ነውር የለበትም፤ መስኮት እንዲዘጋለት የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን የሚያለዝብበት የተለመደ መንገድ ነው። ወዳጅ ለወዳጁ ሲለውም ጨዋታ ነው። ወንድ ልጅን፣ ያውም ጎረምሳን፣ በሰው ፊት ሲሉት ግን «ወንድነት ይጎድልሃል» እንደማለት ይሰማዋል። እዚህ አገር የኖሩት ሰዎች የማዕድንና የፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ በዝናብና በውርጭ ወደ ሥራ የሚወርድ ሠራተኛ ብርዱን እንዳይሰማው ሳይሆን እንዳያማርር ነው የሚጠበቅበት። በኖቲንግሃምሺር የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ቶርስቢ የተዘጋው በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ጉድጓዱ ቢዘጋም ያ ኩራት ከነቃላቱ በየቤቱ አለ። ልጁ በሩን ዘግቶ መውጣቱ ስለዚህ ይገባኛል፤ እናቱ ምናልባት እንደ ቀልድ ብትለውም፣ እሱ የሰማው ሌላ ነገር ነው።

አንቺን ያሉሽ ግን በእርግጠኝነት በፍቅር ነው። «ሚ ዳክ» ተጨምሮበታልና ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። መመለስሽን በተመለከተ፣ «አዎ፣ እኔ ኔሽ ነኝ» ብለሽ በራስሽ ላይ ብትጠቀሚበት ደስ ይላቸዋል። እሳቸውን «እርስዎ ኔሽ ነዎት» ማለት ግን የ86 ዓመት ሰው ናቸውና እኔ ብሆን አልደፍረውም።

የቋንቋ መምህሩ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክለኛ ነው፤ እኔ የምጨምረው ቃሉ ከየት እንደመጣ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂዋ ያስተዋሉት የስሜት መለያየት፣ ማለትም ፈገግታውም ትካዜውም ቁጣውም፣ ከታሪኩ ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ኔሽ ተራ የመንደር ቃል ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከ1000 ዓመት በላይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህኔሼ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ለስላሳ፣ ገር፣ ያልጠነከረ ማለት ነው። የመጀመሪያው «ህ» በጊዜ ብዛት ወደቀ፤ «ህላፍ» የተባለው ዳቦ «ሎፍ»፣ «ህሪንግ» የተባለው ቀለበት «ሪንግ» እንደሆነው ሁሉ ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግእዙ «ኀደረ» በአማርኛ «አደረ»፣ «ኀለፈ» «አለፈ»፣ «ሐመድ» ደግሞ «አመድ» የሆነው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ቃሉ በጥንታዊው የእንግሊዝኛ ወንጌል ውስጥ በክብር ተቀምጦ ይገኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11፣ ጌታችን ስለ ዮሐንስ መጥምቅ ሲናገር «ምን ልታዩ ወጣችሁ? ቀጭን ልብስ የለበሰ ሰውን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቀጭን» ያለውን የጥንቱ እንግሊዛዊ ተርጓሚ በዚሁ በ«ህኔሼ» ነው የተረጎመው። ከዚያም በፊት፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጎቲክ፣ ማለትም የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ ዘመድ ወደሆነው የጥንት ቋንቋ፣ በተተረጎመው ወንጌል፣ በዚሁ ጥቅስ ላይ የቃሉ ዘመድ የሆነው «ህናስኩስ» ይገኛል። ምዕራፍ 24 ላይ የበለስ ዛፍ «ጫፍዋ ሲለሰልስ» የሚለውም በጥንታዊው እንግሊዝኛ በ«ህኔሼ» የተነገረ ነው።

እነዚህን ሁለት ጥቅሶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የቃሉ ሁለት ፊት ይታየናል። የበለሷ ጫፍ ልስላሴ ሕይወት ነው፤ ለጋነት ነው፣ የበጋ መቅረብ ምልክት ነው። የቀጭን ልብሱ ልስላሴ ግን በነገሥታት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ምቾት ነው፤ በምድረ በዳ የግመል ጠጉር ለብሶ ከሚኖረው ከዮሐንስ ጋር ተነጻጽሮ የተነገረ ነው። አያችሁ፣ ወዳጃችን ከስቶክ «ማነጻጸር አለበት» ያሉት ነገር ያን ጊዜም ነበረ። አዛውንቷ ለተንከባካቢዋ ሲሉት የበለሷን ልስላሴ፣ እናትየዋ ለጎረምሳው ስትለው የቀጭን ልብሱን ልስላሴ ነው የወረሰው ብል ከመጠን ያለፈ አይመስለኝም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቃል ከመጻሕፍት እንዴት ጠፋ ለሚል፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገቡት የፈረንሳይኛ ቃላት፣ በተለይ «ቴንደር» የሚለው፣ ቦታውን ተሻሙት፤ የቀረውን «ሶፍት» ወሰደው። ኔሽ ከጽሑፍ ቋንቋ እየተገፋ ወጥቶ በገጠርና በሠራተኛው ሕዝብ አፍ ላይ ብቻ ቀረ፤ ሰፊ የነበረው ትርጉሙም ጠብቦ ጠብቦ ብርድ ላይ አረፈ። ዛሬ «መደበኛ ያልሆነ» እየተባለ በመዝገበ ቃላት ምልክት ይደረግበታል እንጂ፣ ከብዙዎቹ መደበኛ ቃላት ይልቅ የእንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ እሱ ነው።

እንዲህ ያሉትን ቃላት ከመጥፋት ለመታደግ የደከመውን ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ጆሴፍ ራይት በ1855 በዮርክሺር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ6 ዓመቱ በድንጋይ ካባ ውስጥ አህያ እየነዳ የጠራቢዎችን መሣሪያ ያመላልስ ነበር፤ ከዚያም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። ማንበብና መጻፍ የተማረው 15 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ይህ ሰው ጀርመን አገር ሄዶ በሃይደልበርግ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ፤ በመጨረሻም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ ልሳን ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1898 እስከ 1905 ባሉት ዓመታት በስድስት ቅጽ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት ዛሬም መሠረታዊ ነው፤ ኔሽም እዚያ ውስጥ አለ። የፋብሪካ ልጅ ሆኖ ያደገበትን አነጋገር፣ የተማሩት ሰዎች የሚንቁትን፣ በሊቅ እጅ መዝግቦ አስቀመጠው። እኔ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የመንዝን፣ የጎጃምን፣ የወሎን ቃላት ተማሪዎቼ እያፈሩ ሲደብቁ ባየሁ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ነርሷ፣ ከሼፊልድ

የመምህሩን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ እኔ ግን ስለ መዝገቡ ያነሳሽውን ጥያቄ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ።

በሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ በሌሊት ተረኛነት ላይ ሳለሁ፣ አንድ የ79 ዓመት አባት «አይ አም ስታርቭድ» አሉኝ። እንደተማርኩት «በጣም ራበኝ» ማለታቸው ነው ብዬ፣ በዚያ ሰዓት ከየትም ፈልጌ ሳንድዊችና ሻይ አመጣሁላቸው። ሳንድዊቹን ዞር ብለው አላዩትም። የሻዩን ኩባያ ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሳይጠጡት፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት። ለብዙ ደቂቃ ቆሜ ሳያቸው አልገባኝም። ከባርንስሊ የመጣች ባልደረባዬ ስታልፍ ነው «ብርድ ልብስ አምጪላቸው እንጂ» ያለችኝ። «ስታርቭድ» በሰሜን እንግሊዝ በሽማግሌዎች አፍ «ብርድ ገደለኝ» ማለት ነው። የቃሉ ጥንተ ትርጉም መሞት ነበር፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ በዚሁ ትርጉም ይጠቀሙበታል። በመደበኛው እንግሊዝኛ በረሃብ መሞት ወደሚለው ሲጠብብ፣ በሰሜኑ ደግሞ በብርድ መሞት ወደሚለው ጠበበ። ረሃቡን ለመግለጽ በላንክሺርና በስታፎርድሺር አካባቢ ያሉ አረጋውያን «ክሌምድ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ተንከባካቢ፣ እንደ እኔ፣ ለበረደው ሰው ዳቦ ሲያቀርብ ይገኛል።

አሁን ወደ ኔሽ። አዛውንቷ ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ «ኔሽ ሆኛለሁ» ማለታቸውን በቸልታ አትለፊው። በጥር ወር መስኮት ከፍተው ወፍ ይመግቡ የነበሩ ሰው አሁን ብርድ አልቻሉም ማለት ጠባይ ሳይሆን ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ ከደም ማነስ፣ ከታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ወይም ከክብደት መቀነስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የተናገሩትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ጻፊው፤ አጠገቡ ግን በመደበኛ እንግሊዝኛ «ከበፊቱ ይልቅ ብርድ እንደሚሰማቸው ነገሩኝ» ብለሽ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጨምሪ። ቃላቸው ብቻ ከተጻፈ ከሌላ ክልል የመጣ ሐኪም አይረዳውም፤ ትርጉምሽ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ የሳቸው ድምፅ ይጠፋል።

የክፍሉንም ሙቀት እይው። እዚህ አገር የጤና ባለሥልጣናት የሚመክሩት አረጋውያን የሚኖሩበት ክፍል ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ነው። የሰውነታቸው ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ደግሞ አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው። የማሞቂያ ወጪ ፈርተው «እኔ እኮ ኔሽ አይደለሁም» እያሉ በቀዘቀዘ ቤት የሚቀመጡ አረጋውያንን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ቃል በራሱ ማንንም አይጎዳም፤ እንዳይባሉት የሚሸሹት ሰዎች ግን ይጎዳሉ።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ስለ አማርኛው ትርጉም ማንም ስላላነሳ፣ በ2800 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልጄ ያደግሁ እንደመሆኔ ለመሞከር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

አንዳንድ ሰው «ልፍስፍስ» ሊለው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ ልፍስፍስ በሁሉ ነገር የደከመ፣ ወገቡ የማይጸና ሰው ነው። ኔሽ የተባለ ሰው ግን በሌላው ሁሉ ብርቱ ሊሆን ይችላል። «ቅምጥል» የሚለውም መምህሩ ለጠቀሱት ለቀጭን ልብሱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ቅምጥል ለመባል ሀብት ያስፈልጋል፤ ብርድ ያልቻለ ድሃስ? «ብርድ የማይችል» ትርጉሙን ቢሰጥም ለዛ የለውም፤ የሐኪም አነጋገር ነው።

በእኛ አገር ሰዉ የሚለው «ብርድ ፈሪ» ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በጥቅምት ጠዋት ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ከምድጃው አልላቀቅ ሲል፣ አያቴ «አዬ ብርድ ፈሪ!» ይሉትና መልሰው ባናውን ያደርቡለት ነበር። ባና ለማያውቅ፣ በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም መደረቢያ ነው፤ ሲነኩት ይኮሰኩሳል፣ ሲለብሱት ግን ውርጩን ያስረሳል። አነጋገሩ እንግሊዛዊቷ እናት ከተናገሩት አይለይም፤ ነቀፌታውም መደረቢያውም አብሮ ነው የሚመጣው። ቀጥሎም «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባልና ትኩስ ቅቅል ይቀርባል።

ሌላም ነገር ልጨምር። እኛ ለቅዝቃዜ ያለን ቃል ብዙ ነው፤ ቁር አለ፣ ውርጭ አለ፣ አመዳይ አለ፣ ጣት አልታዘዝ ሲል ደግሞ ቆፈን አለ። ብርዱን ለይተን ስም ስናወጣለት፣ ብርድ የማይችለውን ሰው ግን በአንድ ነጠላ ቃል አልጠራነውም፤ ሁለት ቃል አገናኝተን ነው የምንለው። እነሱ ደግሞ በአንድ አጭር ቃል ጨርሰውታል። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ነዋሪው፣ ከስቶክ ኦን ትሬንት

«ብርድ ፈሪ» ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንድ ቅሬታ አለኝ። ፈሪ ያልነው ሰው ብርዱን ሳይቀምሰው የሚሸሽ ነው፤ ኔሽ ግን ቀምሶት የሚንዘፈዘፍ ነው። የኔሽ ክብደቱ ሰውነት ላይ እንጂ ልብ ላይ አይደለም። «ለብርድ ስስ» ብንለው ለጥንቱ «ልስላሴ» ይቀርባል ብዬ አስባለሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ስስነቱ እውነት ነው፣ ግን በሰው አፍ የሌለ ነው። ቃል ለመተርጎም መጀመሪያ የሚነገር ቃል ያስፈልጋል። እርስዎ ወንድሜ፣ በሰፈርዎ «ለብርድ ስስ» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? ደግሞም በአማርኛ «ውሃ ፈሪ» ስንል ውሃ ሲነካው የሚንሰፈሰፈውንም ጭምር ነው የምንለው። «ፈሪ» እዚህ ቦታ ላይ ጠንክሮ የሚወቅስ አይደለም።

የቋንቋ መምህሩ

ሁለታችሁም ያላችሁት ነገር ያስኬዳል፤ ለንግግር «ብርድ ፈሪ»፣ ለጥንቱ ትርጉም «ለስላሳ» ቢያዝ ይበቃል እላለሁ። ለጠያቂዋ ግን አንድ ምክር አለኝ፤ ሲጽፉት «ነሽ» ሳይሆን «ኔሽ» ብለው በኀምስ ይጻፉት፤ አለዚያ አንባቢ ሁሉ እርስዎ በዚያ ጠዋት እንደጠበቁት፣ ቀሪውን ሲጠብቅ ይኖራል።

ተንከባካቢዋ፣ ከኖቲንግሃም አቅራቢያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የነርሷን ምክር ፈጽሜአለሁ፤ በመዝገቡ ላይ የተናገሩትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ ትርጉሙንም አጠገቡ ጽፌ፣ ለኃላፊዬ ነገርኩ። ሐኪማቸው የደም ምርመራ አዝዞላቸዋል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። የሳሎኑንም ሙቀት ስለካው 15 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ማሞቂያውን ልጨምር ስል «አያስፈልግም» አሉኝ፤ እኔም ነዋሪው ባስተማሩኝ መሠረት «እኔ ነኝ ኔሽ፣ ለእኔ ይጨመርልኝ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁና እሺ አሉ። አሁን በየቀኑ ስገባ ማሞቂያው አስቀድሞ በርቶ ይጠብቀኛል፤ ለእኔ ሲሉ ያበሩታል፣ ሁለታችንም እንሞቃለን።

በአማርኛ «ነሽ» ምን ማለት እንደሆነ፣ ያን ቀን ጠዋትም ቆሜ ምን እንደጠበቅሁ አጫወትኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አሰቡና፣ «ታዲያ ቀሪውን ልጨርስልሽ፤ መልካም ሴት በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አጠራሩ ቢያስቸግራቸውም፣ «ጥሩ ሴት ነሽ» የሚለውን እስኪወጣላቸው ድረስ አራት አምስት ጊዜ ደጋገሙት።

አንድ ነገር ላክል። ተወልደው ያደጉት እዚህ ሳይሆን ስታፎርድሺር ውስጥ እንደሆነ በዚሁ ጨዋታ ነገሩኝ። ዛሬ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት «ክሌምድ ነኝ» ሲሉኝ፣ ብርድ ልብሱን ትቼ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገብቼ የአጃ ገንፏቸውን ጣድኩ።